ገመዱ፣ ዛጎሉና የዓባይ በረሃ

ገመዱን ያመጡት ልጆቹ ናቸው። አንዱ የጥጃ ማሰሪያ፣ ሌላው አባቱ ገለባ የሚጭንበትን የቃጫ ገመድ፣ አንዷ ደግሞ ከጉድጓድ ውኃ መቅጃው ላይ የፈታችውን ናይለን ይዛ መጣች። ጫፍ ለጫፍ እየቋጠርን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስንዘረጋው 30 ሜትር ሞላ። አንደኛውን ጫፍ የያዘው ልጅ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመ፤ ሌላኛውን የያዘችው እየጎተተች እስከ ኳስ ጎሉ ድረስ ሄደች። ከገመዱ ግራና ቀኝ በአመድ እያሰመርን፣ መንጋጋውን ሰፊ፣ ጅራቱን መንታ አድርገን ስንጨርስ ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ሜዳው ላይ ተጋደመ። ስድሳ ሁለቱም የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሆዱ ውስጥ ገብተው ቆሙ። ገና ቦታ ተርፎ ነበር።

«ቲቸር፣ እውነት ይሄን ያህላል?»

ያህላል። ከዚህ የሚበልጥም ተለክቷል። ክብደቱ እስከ 150 ቶን ይደርሳል፤ በእኛ አቆጣጠር 1,500 ኩንታል ማለት ነው። ልቡ ብቻውን ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ሁሉ አካል የሚመግበው ግን ከሰው ጣት የማይበልጥ፣ ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሰል ፍጡር ነው። ዓሣ ነባሪው በመመገቢያው ወቅት በቀን 40 ኩንታልና ከዚያም በላይ ክሪል ይውጣል። «አንድ የአይሱዙ ጭነት!» አለ አባቱ እህል ነጋዴ የሆነ ልጅ። እኔ ያላሰብኩትን መለኪያ እሱ አገኘው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ይህንኑ ትምህርት በሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ። «ከእንስሳት ሁሉ ትልቁ፣ ርዝመቱ 30 ሜትር» ብዬ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ በትክክል ይመልሳሉ። በሳምንቱ ብጠይቃቸው ግን 30 ይሁን 300 አይለዩትም። በአመድ ከሣልነው በኋላ ቁጥሩን የረሳ ልጅ አላየሁም። ረስቶ ቢሆን እንኳ ከሰንደቁ እስከ ጎሉ ድረስ መሆኑን ያውቃል።

የማስተምርባት ደጀን ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ሲሉ ሜዳው ድንገት ያልቅና ገደሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ማዶ ጎሃ ጽዮን ትታያለች። ባሕር የሚባለው ነገር ከዚህ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ምጽዋ ላይ በውትድርና ያገለገሉ አያቶች ካልነገሯቸው በቀር ለልጆቹ ባሕር የዮናስ ታሪክ ነው፤ ወይም በቴሌቪዥን የሚታይ ሰማያዊ ነገር። እኔም ብሆን የውቅያኖስን ሕይወት ሳስተምር ለረጅም ጊዜ የሩቅ አገር ወሬ እንደማወራ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ይህን ስሜት የለወጠችው አንዲት ዛጎል ናት።

* * *

የቤት ሥራው ቀላል ነበር፦ ከቤታችሁ ከባሕር የመጣ ነገር ካለ ይዛችሁ ኑ። በመጀመሪያው ቀን ማንም አላመጣም። በሁለተኛው ቀን አንድ ልጅ የሳርዲን ባዶ ቆርቆሮ ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ የአያቷን አገልግል በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። ቆዳው በዕድሜ ጠቁሯል፤ በክዳኑ ዙሪያ ግን ዛጎሎቹ እንደ ጥርስ ነጥተው ተደርድረዋል። አያትየዋ አንዲትም ሳትጎድል እንድትመለስ አስጠንቅቀው ነበር የላኩት።

አብዛኞቹ ልጆች ዛጎልን ድንጋይ ነገር ይመስላቸው ነበር። አንዳንዶቹ አጥንት ነው አሉ። ዛጎል የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። እንስሳው በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በኮራል ድንጋዮች ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። የሚያብረቀርቀው ሰው ወልውሎት አይደለም። በሕይወት ሳለ ስስ የሆነውን ሥጋውን ከሥር በሁለት በኩል አውጥቶ ቅርፊቱን እንደ ካባ ይደርበዋል፤ በዚያው እየቀባ እያለሰለሰ ያሳድገዋል። የክረምቱ ቀንድ አውጣችን እንዲህ ስለማያደርግ ቅርፊቱ ሸካራ ነው። ዛጎል በአፍሪካና በእስያ ለብዙ መቶ ዓመታት ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል፤ የሐመር ሴቶች ዛሬም የቆዳ ልብሳቸው ላይ ይሰፉታል። ከአንድ የኮራል ስንጥቅ ተነሥቶ ጎጃም አገልግል ላይ እስኪሰፋ ድረስ በስንት ነጋዴ እጅ እንዳለፈ ማን ይቆጥረዋል?

በማግስቱ አምስት ነገር በአምስት ሳህን አስቀመጥን፦ የእንቁላል ቅርፊት፣ የተሰበረ ቀንድ አውጣ፣ የመንገድ ጥቁር ድንጋይ፣ ከጀሶ የተሠራ ጠመኔ፣ እና ከዓባይ በረሃ ግማሽ መንገድ ላይ ያመጣሁት ፈዛዛ ቢጫ ድንጋይ። ከሱቅ የተገዛ አንድ ጠርሙስ አቼቶ ነበረን። ልጆቹ በየተራ ጠብ ጠብ እያደረጉ ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። ጥቁሩ ድንጋይ ዝም አለ። ጠመኔውም ዝም አለ። የእንቁላሉ ቅርፊት አረፋ አወጣ። ቀንድ አውጣውም ተንፈቀፈቀ። ወደ ቢጫው ድንጋይ ሲደርሱ እሱም «ፍሽሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገርኩም። መምህር ዝም ማለት ያለበት ሰዓት አለ፤ ያ ሰዓት ያ ነበር። «ድንጋዩ እንደ ቅርፊቱ ነው» አለ አንዱ። «ከቅርፊት ነው የተሠራው እንዴ?» አለች ሌላዋ። አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋቸው። በድንጋዩ ስባሪ ላይ በሁለት ክዳን የተከደነ፣ የጥፍር ስፋት የማይሞላ የባሕር እንስሳ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር።

ያ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። የሳይንሱ ስሙ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ይባላል፤ ስያሜው ከመቀሌ በስተ ደቡብ ካለችው ሕንጣሎ የመጣ ነው። ስሙን ያወጣው ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ባለሙያ ሲሆን፣ ወደ አገራችን የገባው በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ወደ መቅደላ ከዘመተው ጦር ጋር ነበር። ሌላው መድፍ እየጎተተ ሲያልፍ እሱ ድንጋይ እየሰበረ፣ ወፍ እየመዘገበ ሄደ፤ ያየውንም በ1870 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ያ ዘመቻ ለእኛ የሐዘን ታሪክ ነው። ሆኖም በዚያው መንገድ ላይ የተሰበሰበ ዕውቀት መኖሩን ልጆች ቢያውቁ መልካም ነው እላለሁ።

ድንጋዩ የተሠራው ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን ነው። ያኔ ባሕር ከምሥራቅ ገብቶ ዛሬ ሐረር፣ መቀሌና ጎጃም የምንላቸውን ቦታዎች ሸፍኖ ነበር። ኮራል፣ የባሕር ጃርት፣ ባለ ሁለት ክዳን እንስሳት፣ በዓይን የማይታዩ ቅርፊት ለባሾች ኖረው እየሞቱ ወለሉ ላይ ተነጠፉ፤ ንጣፉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወፈረ። ከእሱ በታች ደግሞ የጀሶ ድንጋይ አለ፤ ባሕሩ ገና ሲመጣ ሲሄድ በነበረበት ጊዜ ውኃው እየተነነ የቀረ ዝቃጭ ነው። አሁን ከላይ የተጫነው ጥቁር ድንጋይ ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የመጣ ነው። ዓባይ ይህን ሁሉ ቆርጦ ስለወረደ ንብርብሩ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ ይታያል።

የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም ድንጋዩን የሚያወጣው ከዚሁ ዓይነት ንጣፍ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ነው። ይህን የሰማ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ ሊሾው ይሄዳል። ከእግሩ ሥር ያለው የባሕር ፍጡር ነው።

* * *

ገመዱ አላለቀም። አሥራ ስድስት ሜትር ጨምረንበት 46 ሜትር አደረግነውና ጊዜን ለካንበት። መሬት ከተፈጠረች 4.6 ቢሊዮን ዓመት ሆኗታል፤ እያንዳንዱ ሜትር መቶ ሚሊዮን ዓመት ይሁን አልን። ከዛሬ ተነሥተን ወደ ኋላ 35 ሜትር ስንሄድ የመጀመሪያዎቹ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ዱካ ይገኛል፤ እነሱም በውኃ ውስጥ ናቸው። ዕፀዋት ወደ ደረቅ ምድር የወጡት ከዛሬው ጫፍ 4.7 ሜትር ላይ ነው። በመካከል ያለውን 30 ሜትር በእግሩ የሄደ ልጅ፣ ሕይወት አብዛኛውን ዕድሜዋን የጨረሰችው በውኃ ውስጥ መሆኑን በጉልበቱ ያውቀዋል። የደጀን ኖራ ድንጋይ 1.6 ሜትር ላይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ። ድንቅነሽ፣ ያቺ አዲስ አበባ ላይ በብሔራዊ ሙዚየም የምናውቃት፣ 3.2 ሳንቲ ሜትር ላይ። የኦሞው ጥንታዊ ሰው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ። ለእሱ ቋጠሮ ማሰር ስላልቻልን ጫፉን በጥፍራችን ያዝነው።

በዚያ ገመድ ላይ ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው የዓሣ ነባሪው ነገር ነው። ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ በአማርኛችን «ዓሣ» የሚል ቃል ስላለበት ልጆቹ ዓሣ መሆኑን አይጠራጠሩም። ግን በሳንባው ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። ከምድር እንስሳት የቅርብ ዘመዱ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ዝሆን ያለ አለ፣ አዞ ያለም አለ። ጉማሬ ነው። ጣና ላይ ማታ ማታ የሚያጉረመርመው፣ የባሕር ዳር ገበሬ እህሌን በላብኝ የሚለው ጉማሬ። ዓሣ ነባሪ ከጉማሬ አልተወለደም፤ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ እንስሳ የመጡ የአጎት ልጆች ናቸው። የጉማሬ ግልገል ውኃ ውስጥ ሆኖ ይጠባል፤ የዓሣ ነባሪውም እንዲሁ።

50 ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ወረቀት አንጠለጠልን፦ ፓኪሴተስ፣ በፓኪስታን የተገኘ፣ አራት እግር ያለው፣ ከውሻ እምብዛም የማይበልጥ። 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሌላ፦ ባሲሎሳውረስ። ይህኛው 18 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የባሕር እንስሳ ሲሆን የኋላ እግሮቹ ግን የሰው ክንድ ያህል ብቻ ቀርተዋል። ቅሪተ አካሉ በብዛት የሚገኘው በግብፅ፣ በፋዩም አጠገብ ባለው ዋዲ አል ሂታን ነው፤ የዓሣ ነባሪዎች ሸለቆ ማለት ነው። በረሃ ነው። አፅሞቹ አሸዋ ላይ ተኝተዋል። ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ሦስተኛው ወረቀት 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኬንያ፣ በቱርካና አካባቢ፣ ከባሕር 740 ኪሎ ሜትር በራቀ ደረቅ መሬት ላይ የዓሣ ነባሪ አፍ አጥንት ተገኘ። ከዚያ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ማከማቻ ለብዙ ዓመታት ጠፍቶ ከርሞ በ2011 እ.ኤ.አ. እንደገና ተገኘ። ዕድሜው 17 ሚሊዮን ዓመት ነው። እንስሳው ከሕንድ ውቅያኖስ በወንዝ ሽቅብ እየዋኘ ገብቶ መመለሻ አጥቶ የሞተ ነው። ዛሬ ቦታው ከባሕር ወለል ወደ 620 ሜትር ከፍ ብሏል። ዓሣ ነባሪ ተራራ አይወጣም። እንግዲያው ከፍ ያለው መሬቱ ነው። ተመራማሪዎቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የምሥራቅ አፍሪካ ምድር መቼ ማበጥ እንደጀመረ ያሰሉት በዚህ አንድ አጥንት ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ታዲያ ያኔ ዝናቡስ?» አለ። ጥያቄው የተመራማሪዎቹም ጥያቄ ነው፤ መሬቱ ከፍ ሲል የምሥራቅ አፍሪካ አየር ደረቀ፣ ደን ለሣር ቦታ ለቀቀ።

* * *

የምግብ ሰንሰለት ጨዋታን ብዙ መምህራን ያውቁታል። ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ወፍ፣ አንዱ ፀሐይ ይሆናል፤ ክር ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። እኔ ግን ለልጆቹ የማላውቀውን የሩቅ ውቅያኖስ መስጠት አልፈለግሁም። ዓባይ የሚገባበትን ባሕር መረጥኩ፦ ከግብፅ ዳርቻ ያለውን የሜዲትራኒያን ክፍል።

ወረቀቶቹን በመርፌ ቁልፍ ደረታቸው ላይ ሰካን። ፋይቶፕላንክተን፦ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ በዓይን የማይታይ፣ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ምግቡን የሚሠራ ተክል መሰል ፍጡር። እሱን የሚበላ ዙፕላንክተን። ሳርዲን። ሳርዲን የሚበሉ ትልልቅ ዓሦች። ዶልፊን። የእስክንድርያ ዓሣ አጥማጅ። አንዱ ወረቀት «የጎጃም አፈር» ይላል። እሱን የሚወስድ ጠፋ። አፈር መሆን ማን ይፈልጋል? በመጨረሻ ከኋላ ቆሞ የነበረ ዝምተኛ ልጅ ተቀበለኝ። ገመዱን መጀመሪያ የያዘው እሱ ሆነ።

የዓባይ ጎርፍ ክረምት ላይ ሲመጣ ከደጋው የታጠበውን አፈር ይዞ ይወርዳል። ወደ ታችኛው ናይል ይደርስ የነበረው ደለል ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ ደጋ በዓባይና በአትባራ የሄደ ነው። ጎርፉ በራሺድና በድምያጥ በኩል ባሕር ሲገባ ፎስፌትና ሲሊካ ይዞ ስለሚመጣ ፋይቶፕላንክተኑ ይፈላል፤ ሳርዲኑ ያንን ተከትሎ በመጸው ወራት ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰባል፤ አጥማጁም ጀልባውን ያወጣል። ይህ በየዓመቱ ይሆን ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ መያዝ ሲጀምር ጎርፉ ቆመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሳርዲኑ ምርት ከነበረው ወደ ኢምንት ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ዓሣው በከፊል ተመልሷል፤ የተመለሰው ግን በማዳበሪያና በከተሞች ፍሳሽ ነው፣ በደለል አይደለም።

«አፈር፣ ገመዱን ልቀቅ» አልኩት።

ለቀቀ። ፋይቶፕላንክተኗ ወደ ኋላ ተንገዳገደች፤ ዙፕላንክተኑ እጁ ላይ ላላበት፤ ሳርዲኖቹ ሦስቱም ገመዱ ወደ መሬት ሲወርድ ተያዩ። ዓሣ አጥማጁ ለመሳብ ቢሞክር የሚሳብ አልነበረም። ያ ዝምተኛ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ታዋቂ ሆኖ ሰነበተ፤ «አፈር» የሚለው ስም በክብር ወጣለት።

ከዚያም ያልጠበቅሁት ጥያቄ መጣ። እርሻቸው ገደል አፋፍ ላይ ካለ ቤተሰብ የመጣች ልጅ ናት፦ «ታዲያ አፈራችን ቢሄድ ጥሩ ነው ማለት ነው?» አባቷ በየዓመቱ እርከን እየሠራ አፈሩን ለማስቀረት ይታገላል። መልስ ማሳመር አልፈለግሁም። ሁለቱም እውነት ነው አልኳት። ለአባትሽ ኪሳራ ነው፤ ለሳርዲኑ ቀለብ ነበር። የጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር መፈጠር ብዙ መቶ ዓመት ይፈጃል፤ የሚሄደው ግን በአንድ ሐምሌ ነው። ልጅቷ በዚህ አልረካችም፣ አለመርካቷን ወደድኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወንዙ ጥርት ብሎ ቢወርድና ደጋው አረንጓዴ ቢሆን ሳርዲኑ ምን ይበላ ነበር ብላ በደብተሯ አንድ ገጽ ጽፋ መጣች።

* * *

ያልሠሩልኝ ሙከራዎችም አሉ፤ ከነሱ ብዙ ተምሬአለሁ። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከባለሱቁ ሚዛን ተውሰን መዘንን፣ ቀላቀልን፣ ልጆቹ ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። እንቁላል በባሕር ውኃ ይንሳፈፋል ብዬ ነግሬያቸው ነበር፤ አንብቤ እንጂ አይቼ አልነበረም። የዕለቱን እንቁላል ስናስገባው ሰመጠ። ልጆቹ እኔን አዩኝ። ጨው መጨመር ቀጠልን፤ ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ካለፈ በኋላ ነው ቀስ ብሎ የተነሣው። እውነታው ይኸው ነው፦ እንቁላል ከተራ የባሕር ውኃ ይከብዳል፤ የሚንሳፈፈው እንደ ሙት ባሕር፣ እንደ አሳሌ ሐይቅ ባለ ጨው በበዛበት ውኃ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴ ያልሞከርሁትን ሙከራ ክፍል ይዤ አልገባም።

ጨዉ ራሱ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። ሰሜናዊው አፋር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ አለው። ቀይ ባሕር በተለያየ ዘመን ወደዚያ እየገባ ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በዳርቻው ከ100,000 ዓመት በላይ የሆናቸው የኮራል ሪፎች ደርቀው ዛሬም ቆመዋል። አያቶቻችን እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት አሞሌ የዚያ ባሕር ቁራሽ ነው። መሬቱም እየተሰነጠቀ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. መስከረም በዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፈተ፣ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ባሕር ተመልሶ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። አንዱ ልጅ «እኛ እንደርስበታለን?» ሲል በገመዱ ለካነው። አንድ ሚሊዮን ዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ዝም አለ።

ስለ ቀዝቃዛ ባሕር ስናወራ ደግሞ የሚረጋ ዘይት በሁለት ፌስታል መካከል አድርገን እጃችንን በመካከሉ አስገብተን በደጀን የታኅሣሥ ማለዳ ውኃ ውስጥ ነከርን። ባዶ እጁን የነከረው ልጅ ወዲያው አወጣው፤ ዘይት የለበሰው ግን እየሳቀ ቆየ። የዓሣ ነባሪ ስብ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ገጽ አላውቅም። ወረቀት እየቀደዱ ዓሣ ማስዋብን የመሰለውን ሥራ ግን ትቼዋለሁ። ግድግዳ ያሳምራል፤ ልጁ ግን ከመጀመሩ በፊት የማያውቀውን ከጨረሰም በኋላ አያውቀውም።

በሳፋ የሠራነው ግን ቀርቶብኝ አያውቅም። ሳፋውን በቀዝቃዛ ውኃ ሞላነው፤ በቀይ ሥር ጭማቂ ያቀላነውን ሙቅ ውኃ በቀስታ ከላይ አፈሰስንበት። ቀዩ ላይ ላዩን ተንሳፈፈ። አንዱ ተማሪ በደብተር ሲያራግብ ቀዩ ወደ አንድ ዳር ተጠራቀመ፤ ማራገቡን ሲያቆም ተመልሶ ተንሸራተተ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። በደኅና ዓመት ነፋስ ሙቁን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውኃ ወደ ፔሩ ይመለሳል፤ ኤልኒኞ የምንለው ይህ ነው። የአየሩ ዝውውር ስለሚዛባ በእኛ ሰሜናዊና መካከለኛ አካባቢ ክረምቱ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በዚያ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ልጆቹ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ግን ያስታውሱታል። ከሳፋው ሙከራ በኋላ ማንም ልጅ የውቅያኖስ ትምህርት ምን ያደርግልናል ብሎ አልጠየቀኝም።

* * *

ጥልቀትን ያስተማርነው ክፍል ውስጥ አይደለም። በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ማለዳ ሁላችንም ወደ አፋፉ ወጣን፤ ከቁልቁለቱ ገባ ብለን ኖራ ድንጋዩን በቦታው ልናየው ነበር። ዕቅዴ ገደሉን በባሕር ውኃ እንደተሞላ አድርገን እንድናስብ ነው። ውኃው እስከ እግራችን ድረስ ቢሆን የፀሐይ ብርሃን ለተክል የሚበቃው እስከ 200 ሜትር ነው። ከዚያ በታች ድንግዝግዝ ነው፤ 1,000 ሜትር ላይ፣ ወንዙ ጋ ከመድረሳችን በፊት፣ ብርሃን ፈጽሞ ያልቃል። በዚያ ጨለማ ውስጥ የራሳቸውን ብርሃን የሚያበሩ ዓሦች አሉ። ከድንግዝግዙ ንጣፍ ደግሞ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፍጥረታት ሲመሽ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ላይ ይመገባሉ፣ ሲነጋ ይወርዳሉ። የበረሃው ሰው ለደጀን ገበያ ወጥቶ እንደሚመለሰው ማለት ነው። በምድር ላይ ትልቁ የእንስሳት ጉዞ ይህ ነው፤ በየቀኑ ይሆናል።

የዓባይ በረሃ ግን ለውቅያኖስ ትንሽ ነው። የውቅያኖስ አማካይ ጥልቀት ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ከሁሉ የጠለቀው፣ ፓስፊክ ውስጥ ያለው የማሪያና ሸለቆ፣ ወደ 10,900 ሜትር ይወርዳል። ሁለት ራስ ዳሽን ደርበን ብናስቀምጥበት ጫፉ ከውኃው በላይ አይታይም።

ይህን ሁሉ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ግን ገደሉ አልነበረም። ሌሊቱን ከበረሃው የተነሣው ጉም ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ጎሃ ጽዮን ማዶ እንደ ደሴት ብቻዋን ቀርታ፣ ነጩ ነገር በቀስታ ይተነፍሳል። ፀሐይ በጎን ወጥታበታለች። ልጆቹ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ቲቸር፣ ሞልቷል!» አለ አፈር።

ገመዱን አወጣሁና ጫፉን ሰጠሁት። አንድ ድንጋይ አሰረበትና ቁልቁል ለቀቀው፤ ወደ ነጩ ገብቶ ጠፋ። ጉሙ እስኪገለጥ ሦስት ሰዓት ድረስ ጠበቅን፤ ከዚያም መውረድ ጀመርን።